ምዕራፍ 7፦ ረዳቱና ሞክሼው

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መካነ ሰላም መናኸሪያ የደረሰ መንገደኛ መጀመሪያ የሚቀበለው ብርዱ ነው። ቀጥሎ የረዳቶቹ ድምፅ። «ደሴ! ደሴ! የሞላ ነው፣ አንድ ሰው!» ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበው ሽማግሌ፣ እግሯ ታስሮ ዘንቢል ውስጥ የተቀመጠችው ዶሮ፣ ከሰሏን እያራገበች ሻይ የምትቀዳው ሴት፣ ሁሉም በዚያ ድምፅ ዙሪያ ይንቀሳቀሳሉ። ቅጥቅጡ ሲሞላ ረዳቱ እየሮጠ ይሳፈርና በሩን ይዘጋል።

አቀስታ ሊደርሱ ሲሉ አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ድምፃቸውን ያሰማሉ። «ልጄ፣ ከድልድዩ ማዶ አውርደኝ።» ረዳቱ «እሺ እማማ» ይልና ወደ ፊት ዞሮ ይጮኻል፦ «ወራጅ አለ!» መኪናው ይቆማል።

እኒያ እናት ፍሬን አልነኩም። ፍሬኑ በየትኛው እግር እንደሚረገጥም ላያውቁ ይችላሉ። ሾፌሩም ዞሮ አላያቸውም፤ ዓይኑ ቁልቁለቱ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል የቆመው ሰው ግን የተሳፋሪውንም ቋንቋ የሾፌሩንም ቋንቋ ያውቃል። በኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥም እንዲህ ያለ ረዳት አለ፤ ባለሙያዎቹ «ስክሪን ኮንትሮለር» ይሉታል። ስልካችን ላይ «ጀምር» የሚለውን ቁልፍ ነክተን ጨዋታው ዝም ሲለን፣ ብዙ ጊዜ መኪናውም ሾፌሩም ደህና ናቸው። የተበላሸው በረዳቱ በኩል የሚያልፈው መልእክት ነው። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው ስለዚያ መልእክት መንገድ ነው፤ እንዴት እንደሚዘረጋና ለምን እንደሚጠፋ።

ቦዲ ሠሪውና ረዳቱ

በምዕራፍ 3 የጨዋታን የልብ ምት አይተናል። ጨዋታ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ራሱን እንደ አዲስ ይስላል፤ ለአንዱ ሥዕል የሚተርፈው ጊዜ 16 ሚሊሰከንድ ገደማ ብቻ ነው። ያንን ምት የሚያስኬደው የጨዋታው ሞተር የዛሬው ሾፌራችን ነው። ዓይኑን ከመንገዱ ማንሣት የማይችልበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ተጫዋቹ ምን እንደነካ ልመርምር ቢል ሥዕሉ ይንቀጠቀጣል።

ምሳሌ እንዲሆነን የገበጣ ጨዋታ እንሥራ። ገበጣ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በየሓና በመጠራ ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ፣ ወደ አክሱም ዘመን የሚያደርሱ የገበጣ ጉድጓዶች ተገኝተዋል። የጉድጓዱ ብዛትና ሕጉ እንዳገሩ ይለያያል። እኛ ለዚህ ምዕራፍ ቀላሉን እንውሰድ፦ ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48 ጠጠር። ጨዋታው ሦስት ስክሪን ይኖረዋል። መክፈቻው ላይ «ጀምር»፣ «ሕግጋት» እና «ውጣ» የሚሉ ቁልፎች አሉ። ቀጥሎ ጉድጓዶቹና የተራ ማሳያው ያሉበት መጫወቻ ይመጣል፤ በመጨረሻ ማን እንዳሸነፈ የሚነግረን መዝጊያ።

ቁልፎቹ የት እንደሚቀመጡ፣ ምን ያህል እንደሚሰፉ፣ ቀለማቸውና ላያቸው ላይ የሚነበበው ቃል በአንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ይሰፍራል። ይህን ፋይል «ሌይአውት» እንለዋለን፤ የአቀማመጥ ንድፍ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ኤክስኤምኤል በሚባል አጻጻፍ ነው፤ ሰውም ኮምፒውተርም ሊያነቡት የሚችሉት፣ እያንዳንዱ ነገር በምልክት ተከፍቶ በምልክት የሚዘጋበት ጽሑፍ። በአማርኛ ቢተረክ እንዲህ ይላል፦ «በመካከል አንድ ቁልፍ አኑር። መለያው ‹ጀምር_ቁልፍ› ይሁን። ላዩ ላይ ‹ጀምር› ተብሎ ይጻፍ። ሲነካ ‹ጨዋታ_ጀምር› ብለህ ተጣራ።» ከዚህ ያለፈ አያውቅም። ጨዋታ እንዴት እንደሚጀመር፣ ጠጠሮቹ ስንት እንደሆኑ፣ ተራው የማን እንደሆነ የሌይአውቱ ጉዳይ አይደለም። ቦዲ ሠሪ ወንበሩን ይደረድራል፣ በሩን ይገጥማል፣ ታፔላ የሚሰቀልበትን ቦታ ያበጃል፤ መኪናው ነገ ደሴ ይሂድ ወይስ ዓባይን ተሻግሮ መርጡለ ማርያም አይጠየቅም።

ረዳቱ ደግሞ በሌላ ፋይል ይጻፋል፤ በኮድ። እሱ ዘንድ ‹ጨዋታ_ጀምር› የሚል ስም የወጣለት የተግባር ዝርዝር አለ። 48ቱን ጠጠር አከፋፍል፣ ተራውን ለመጀመሪያው ተጫዋች ስጥ፣ ወደ መጫወቻው ስክሪን ተሻገር። በኮድ ቋንቋ እንዲህ ስም ወጥቶለት ሲጠራ የሚፈጸም ዝርዝር «ሜተድ» ይባላል።

አንድ ላይ ቢጻፉስ? ይቻላል፤ ጀማሪ ሁሉ የሚጀምረው እንደዚያ ነው። ችግሩ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ሥዕል የምትችለው ልጅ ቁልፉን ትንሽ ወደ ግራ ልታደርገው ስትፈልግ ኮድ መንካት ይኖርባታል፤ አንድ ሰረዝ ካጠፋች የጠጠሩ አቆጣጠር ይበላሻል። ጨዋታውን ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ልናዞረው ብንፈልግ ቃላቱ በስሌቱ መሐል ተሰግስገው እናገኛቸዋለን። ሌይአውቱ ለብቻው ሲሆን ግን ተርጓሚው ረዳቱን ሳያገኘው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ትሪግቨ ሬንስካውግ የሚባል ኖርዌያዊ፣ ቀደም ሲል ለመርከብ ግንባታ ንድፍ የሚያገለግል ፕሮግራም የሠራ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል በእንግድነት ሳለ ሥራውን ለሦስት ከፈለው። አንደኛው ክፍል እውነቱን ይይዛል፣ ሁለተኛው ያሳያል፣ ሦስተኛው ከሰው የሚመጣውን ይቀበላል። ዛሬ በስልካችን ያሉት አብዛኞቹ መተግበሪያዎች በአንድም በሌላም መልክ የዚያ ክፍፍል ልጆች ናቸው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለችውን ሯጭ ዶሮ ወይም «ገበጣ»ን ለስልክ ሲሠራም ሊያመልጠው የማይችለው ጥያቄ ይኸው ነው፤ የሚታየውና የሚሠራው በየት በኩል ይገናኙ?

ስም ሲጠራ

መልሱ፣ በብዙ መሣሪያዎች ዘንድ፣ በስም ነው።

ለዚህ ምዕራፍ የመረጥኩት መሣሪያ ጄመንኪኢንጅን የተባለው የጨዋታ ሞተርና ከእሱ ጋር የሚሠራው ኒፍቲ ጂዩአይ ነው። ሞተሩ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረ፣ በጃቫ ቋንቋ የሚሠራ፣ በነፃ የሚገኝ ነው። ኒፍቲን የጻፈው የንስ ሆሙት ነው። ዛሬ ከዚህ የበለጠ ስም ያላቸው ሞተሮች አሉ፤ እኔ ግን ለማስተማር ይህንን እመርጣለሁ፤ የሌይአውቱንና የረዳቱን ትስስር ሳይሸፋፍን እፊታችን ዘርግቶ ያሳያልና። መካነ ሰላም ባለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢም ሆነ በየትኛውም ከተማ፣ አንድ ላፕቶፕ ለሦስት ለአራት የሚጋሩ ተማሪዎች ሌይአውቱን በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ከፍተው ማንበብና ማረም መቻላቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ኒፍቲን የመናኸሪያው ስምሪት አድርጋችሁ አስቡት። ስምሪቱ ወረቀት ይዞ ይቆማል። ወረቀቱ ሌይአውቱ ነው፤ «የዚህ መኪና ረዳት ሰይድ ነው» ይላል። ስምሪቱ «ሰይድ!» ብሎ ይጣራል፤ ሰይድ «አቤት!» ይላል፤ ተገናኙ። ተሳፋሪ ደግሞ «ጀምር» የሚለውን ቁልፍ ሲነካ፣ ወረቀቱ ላይ ‹ጨዋታ_ጀምር› ተብሎ ተጽፏልና ስምሪቱ ይህንኑ ስም ለሰይድ ይጠራል፤ ሰይድም በዚህ ስም የሚያውቀውን ሥራ ይሠራል። ገመድ የለም፣ ሽቦ የለም። በሁለቱ ፋይሎች ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ የተጻፈ ስም ብቻ።

እዚህ ላይ የኛ ፊደል አንድ ትልቅ ነገር ያስተምረናል። ይህችን ከተማ ግማሹ ሰው «መካነ ሰላም» ብሎ ይጽፋታል፤ ግማሹ «መካነ ሠላም»። በእሳቱ «ሰ»ም ጻፏት በንጉሡ «ሠ»፣ ደብዳቤው ይደርሳል፤ መንገደኛውም መኪና አይስትም። ሁለቱን ሆሄያት ሞክሼ የምንላቸው በመልክ ቢለያዩም በድምፅ አንድ ስለሆኑ ነው። ኮምፒውተር ግን ድምፅ አይሰማም፤ የሚያየው ቁጥር ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጠው። «ሠ» 4640 ነው፤ «ሰ» 4656። በሁለቱ መካከል የ16 ልዩነት አለ፤ ለማሽኑ «መካነ ሰላም» እና «መካነ ሠላም» የመቅደላንና የመተማን ያህል የተራራቁ ስሞች ናቸው።

ጃቫ የሜተድ ስም በግዕዝ ፊደል እንዲጻፍ ስለሚፈቅድ ጉዳዩ የንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም። በሌይአውቱ ላይ ‹ሰላም_በል› ብሎ በኮዱ ላይ ‹ሠላም_በል› ብሎ የጻፈ ወጣት ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን አስቀምጦ ጮክ ብሎ ቢያነባቸው ስሕተቱን ጆሮው አይነግረውም። በላቲን ፊደል የሚጽፉትም ከዚህ አያመልጡም፤ እነሱን የሚያስታቸው ትልቁና ትንሹ ፊደል ነው። ለዚህ ነው ስምን ሁለት ጊዜ አትተይቡ፣ ከአንዱ ፋይል ገልብጣችሁ ወደ ሌላው ለጥፉ የምለው።

ስሙ ሳይገጥም ሲቀር ምን ይሆናል? መልሱ እንደ መሣሪያው ይለያያል፤ ልዩነቱም ለተማሪ ትልቅ ነው። አንድሮይድ ላይ በሌይአውቱ የተጻፈው የሜተድ ስም በኮዱ ውስጥ ካልተገኘ፣ ቁልፉ በተነካባት ቅጽበት መተግበሪያው ይዘጋል። ያስደነግጣል፤ ግን ቢያንስ ተናግሯል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የአንድሮይድ ትምህርት የሚወስዱ ወጣቶች ይህንን ድንጋጤ ሳይቀምሱት አይቀሩም። ኒፍቲ ዘንድ ግን ጨዋታው አይሞትም። ቁልፉ ይነካል፣ ቀለሙም ይለወጣል፣ ከዚያ ዝም። ስምሪቱ ተጣርቶ «አቤት» የሚል ሲያጣ፣ ሎግ በሚባለው የውሎ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ጽፎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ስለዚህ ቁልፍ ዝም ሲላችሁ ኮዱን ከማፍረሳችሁ በፊት ሎጉን አንብቡ። ይህን ምክር ከልቤ እሰጣለሁ፤ አንድ መስመር ሳያነቡ ሁለት ቀን የባከኑ ልጆች አይቻለሁ።

ሌሎቹ ሞተሮች ከዚህ እጅግም አይርቁም። ዩኒቲ ቁልፉንና ረዳቱን በመዳፊት ጎትተን እንድናገናኝ ያደርገናል፤ ስም የጠፋ ይመስላል፤ ከሥር ግን የሜተዱ ስም በጽሑፍ ተቀምጧል፤ ኮዱ ውስጥ ስሙን ብንለውጠው ትስስሩ ይበጠሳል። ጎዶትም «ሲግናል» የሚለውን ጥሪ ከተቀባዩ ሜተድ ስም ጋር በስክሪኑ ፋይል ውስጥ ይመዘግባል።

ስለ ፊደል ከተነሣ አይቀር

ሌይአውቱ ላይ «ስታርት» የሚለውን አውጥተን «ጀምር» ስናስገባ የረዳቱ ኮድ አንዲት ነጥብ አይለወጥም። የመለያየቱ ትርፍ እዚህ ላይ በዓይን ይታያል። ነገር ግን ጨዋታውን ስንከፍት ቁልፉ ባዶ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ኒፍቲና መሰሎቹ ፊደልን የሚስሉት አስቀድሞ ከተዘጋጀ አንድ ትልቅ ሥዕል ላይ እየቆረጡ ነው፤ ሁሉም ሆሄያት በዚያ ሥዕል ላይ ተደርድረዋል፣ አጠገቡ ያለ ዝርዝር ደግሞ የትኛው የት እንዳለ ይናገራል። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው ሥዕል የላቲን ፊደል ብቻ ከሆነ «ጀ»ን ከየት ያምጣት?

መፍትሔው የግዕዝ ሆሄያት ያሉበትን ሥዕል ራሳችን ማዘጋጀት ነው፤ ለዚህ የሚያገለግሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ለላቲን ጥቂት ደርዘን ሆሄያት ሲበቁ፣ ለኛ የተመደበው ዋናው የዩኒኮድ መደብ ብቻ 384 ቦታ አለው። ስለዚህ ሥዕሉ ይሰፋል፣ ማኅደረ ትውስታም ይወስዳል። በሦስት ስክሪኖቻችን ላይ የሚነበቡትን ሆሄያት ለይቶ እነሱን ብቻ ማስገባት ይቻላል፤ ለትንሽ ጨዋታ እኔ የማደርገው እንደዚያ ነው።

ሦስት ጥሪዎች

ረዳት የሚጠራው ተሳፋሪ ሲኖር ብቻ አይደለም። ስምሪቱም በራሱ ጊዜ ሦስት ጊዜ ይጠራዋል፤ በኒፍቲ ሕግ ስክሪን ኮንትሮለር ነኝ የሚል ክላስ ሁሉ ለእነዚህ ሦስት ጥሪዎች መልስ ሊኖረው ግድ ነው።

የመጀመሪያው «ባይንድ» ይባላል፤ ማሰር፣ ማስተሳሰር ማለት ነው። ስምሪቱ ረዳቱን ይዞት ይመጣና «መኪናህ ይኸው፤ እኔም ስምሪቱ ይኸው» ይለዋል። ይህ ለአንድ ስክሪን አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል፤ ስክሪኑ መታየት ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብሎ። ጠንቃቃ ረዳት የሚፈልጋቸውን ነገሮች አድራሻ በዚህ ጊዜ ይይዛል፤ «የተራ ማሳያው ጽሑፍ የትኛው ነው? መለያው ‹ተራ_ማሳያ› የሆነው።» ኋላ ጨዋታው ሲጦዝ ስም እየጠራ አይፈልግም።

ሁለተኛው ጥሪ ስክሪኑ ተከፍቶ፣ የመግቢያ ማሳመሪያው ሁሉ ካበቃ በኋላ የሚመጣ ነው። መኪናው ከመናኸሪያ ወጣ እንደ ማለት። ሦስተኛው ስክሪኑ ሲዘጋ፣ የመውጫው ማሳመሪያም ሲያበቃ ይደርሳል፤ ደሴ ገባን። የመክፈቻውን ሙዚቃ በሁለተኛው ጥሪ ያስጀመረ ሰው በሦስተኛው ማስቆም አለበት። ይህን የዘነጋ ጨዋታ ወደ መክፈቻው በተመለስን ቁጥር አንድ ሙዚቃ ይደርብልናል፤ በሦስተኛው ዙር ሦስቱ እየተሻሙ ይጫወታሉ።

የመጀመሪያውና ሁለተኛው ጥሪ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ አይደለም። ባይንድ አንድ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ግን ስክሪኑ በተከፈተ ቁጥር ይመጣል። ጠጠሮቹን በባይንድ ያከፋፈለ ሰው የመጀመሪያውን ጨዋታ በሰላም ይጫወታል፤ ሁለተኛውን ሲጀምር ግን ሰሌዳው ያለፈው ጨዋታ እንደተወው ሆኖ ይጠብቀዋል።

ሞክሼው ረዳት

አሁን ወደ ልቡ ደርሰናል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ስሕተቶች ሁሉ ብዙ ሰዓት የበላብኝ ይህ ነው፤ ሲገባችሁ ደግሞ በምዕራፍ 5 ያነበባችሁት ሁሉ ይጸናል።

በምዕራፍ 5 ክላስን ከብሎኬት ማውጫ ቅርጽ ጋር አመሳስለን ነበር። ቅርጹ አንድ ነው፤ ከእሱ የሚወጡት ብሎኬቶች ብዙ ናቸው። ቅርጹን «ክላስ»፣ ብሎኬቱን «ኦብጀክት» ብለናል። ሁለት ብሎኬቶች ከአንድ ቅርጽ ወጥተው መልካቸው አንድ ቢሆንም፣ አንዱ ላይ የተጻፈው በሌላው ላይ አይነበብም። ረዳታችንም ቅርጽ አለው። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ደግሞ የቅርጹ ስም ነው። ጣጣው የሚመጣው ከዚህ ነው።

አንድ ክረምት መካነ ሰላም ውስጥ ከጥቂት ተማሪዎች ጋር ይህንኑ ገበጣ ስንሠራ ነበር። መብራት ስላልነበረ በላፕቶፑ ባትሪ ነው የምንሠራው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ በጩኸት ነው የምንነጋገረው። «ጀምር»ን ነካን። ስሞቹን አንድ በአንድ አስተያይተን ነበር፤ ሁሉም ገጥመዋል። በሎጉ ላይም ስም ጠፋ የሚል ማስጠንቀቂያ የለም። እንዲያውም ሜተዱ መጠራቱን አየን። ነገር ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ እንደ ደረሰ ወደቀ፤ «ናል ፖይንተር» የሚለው የጃቫ ስሕተት መጣ። ትርጉሙ፣ አለ ብለህ እጅህን የዘረጋህለት ነገር የለም ማለት ነው። የጠፋው ደግሞ ሰሌዳው ነበር፤ ጠጠሮቹ ያሉበት ሰሌዳ። እኔ በገዛ እጄ ለረዳቱ ሰጥቼዋለሁ! መስመሩ እዚያው አለ፤ ሁላችንም አየነው።

ሰጥቼ ሳለ አልተሰጠኝም የሚል ረዳት። አንዲት ተማሪ፣ ከኋላ ሆና ስትከታተል የቆየች፣ «ጋሼ፣ የሰጡት ለዚህኛው መሆኑን በምን ያውቃሉ?» አለችኝ።

ኦብጀክት በተፈጠረ ቁጥር መጀመሪያ የሚሠራ የኮድ ክፍል አለ፤ ኮንስትራክተር ይባላል። እዚያ ውስጥ ሎጉ ላይ «ተወለድኩ» ብሎ የሚጽፍ አንድ መስመር አስገባን። ጨዋታውን አስነሣን። ሎጉ ላይ የመጣው እንዲህ ነበር፦

ተወለድኩ
ተወለድኩ

ሁለት ናቸው።

የሆነው ይህ ነው። እኔ በኮዱ መጀመሪያ ላይ ከቅርጹ አንድ ረዳት ፈጠርኩ፤ ከሾፌሩ ጋር አስተዋወቅሁት፤ ሰሌዳውን አስጨበጥኩት። ለስምሪቱ ግን አላስመዘገብኩትም። ስምሪቱ ወረቀቱን ሲያነብ «ረዳት፦ ሰይድ» ይላል። ወደ መዝገቡ ሲያይ ሰይድ የሚባል የለም። ስለዚህ የሰይድን ቅርጽ ፈልጎ፣ ከዚያ ላይ አዲስ ሰይድ አወጣና መኪናው ላይ አስቀመጠው። ሁለቱም ሰይድ ይባላሉ፤ ሁለቱም የሚያውቁት የሥራ ዝርዝር አንድ ነው። የኔው ሰይድ ግን ሰሌዳውን እንደያዘ መናኸሪያው አጥር ሥር ቆሟል። «ወራጅ!» ሲባል የሚሰማው ሌላው ነው፤ እሱ ሾፌሩን አይቶት አያውቅም፣ እጁም ባዶ ነው።

ከሞክሼ ፊደላት ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ግልብጥ ነው። እዚያ ሁለት መልክ ለእኛ አንድ ሆነ፤ ማሽኑ ግን ሁለት አደረጋቸው። እዚህ ስሙ አንድ ስለሆነ ሰውየውም አንድ መሰለን። ሁለቱንም ጊዜ የተሳሳትነው ማሽኑ የማያየውን ነገር ይዘን ነው፤ መጀመሪያ ድምፅን፣ ቀጥሎ ዝምድናን።

ብዙ ወጣቶች ለዚህ ችግር የሚያገኙት የመጀመሪያ መድኃኒት «ስታቲክ» የተባለው ቃል ነው። ሰሌዳውን ስታቲክ ካደረግነው የቅርጹ ይሆናል እንጂ የአንዱ ብሎኬት አይሆንም፤ ሁለቱ ሰይዶች አንድ የጋራ ኪስ ይኖራቸዋል። ይሠራል። እኔ ግን አልወደውም። ሁለቱ ረዳቶች አሁንም አሉ፤ አንዱ አሁንም አጥር ሥር ነው፤ ነገ ሌላ ነገር በግል ሲሰጠው ያው ችግር ይመለሳል፤ ያኔ ደግሞ ኮዱ ስለሚረዝም መፈለጉ ይከብዳል።

ትክክለኛው መንገድ ከስታቲኩ ይልቅ አጭር ነው። ስምሪቱ ወረቀቱን ከማንበቡ በፊት፣ የፈጠርነውን ረዳት በአካል ወስደን እናስመዘግበዋለን። ኒፍቲ ለዚህ የተዘጋጀ ጥሪ አለው፤ ወይም ሌይአውቱን አንብብ ስንለው ረዳቱን አብረን እናቀብለዋለን። ያኔ ወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ሲያነብ መዝገቡን ያያል፤ በዚያ ስም የተመዘገበ ስላለ አዲስ አይፈጥርም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቃል። አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉ፤ ወረቀቱ ከተነበበ በኋላ የመጣ ረዳት መኪናው ካመለጠው አንድ ነው። ሁለተኛ፣ ሌይአውቱ ላይ የሚጻፈው የክላሱ ሙሉ ስም መሆን አለበት፤ የሚገኝበት የአቃፊ ስም ጭምር። ከተማ ውስጥ ሰይድ ብዙ ነው፤ የአባቱ ስም ከሌለ የተመዘገበውም ሰይድ እንዳልተመዘገበ ይቆጠራል።

ያን ቀን ባትሪው 9 በመቶ ሲቀረው አስተካክለን እንደገና አስነሣን። ሎጉ ላይ «ተወለድኩ» አንድ ጊዜ መጣ። «ጀምር»ን የነካችው ያቺው ተማሪ ነበረች። በ12ቱ ጉድጓዶች አራት አራት ጠጠር ሞላ፤ ላዩ ላይ «ተራው፦ የመጀመሪያው ተጫዋች» የሚል ጽሑፍ ወጣ። «ተወለድኩ» የሚለውን መስመር ላጠፋው ስል «ይቆይ ጋሼ» አለችኝ። እስካሁን ኮዱ ውስጥ አለ።